ሰላምታ ያልቻለው ሬዲዮ

ቆቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚናገር ዕቃ ተበላሽቶ እኔ ያልከፈትኩት የለም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ብመካም ያምርብኛል። ትምህርት ቤት የቆየሁት ፊደል እስክለይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝ የተበላሹ ሬዲዮኖች ናቸው፤ አንዱን ከፍቼ ስጨርሰው ሌላውን መጠገን እማር ነበር። የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ ማጉያ እጄን ያውቁታል። አንድ ሰሞን ሁለቱም በአንድ ሳምንት ተበላሽተው ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ተኝተው ነበር፤ የአንዱን ሽቦ ለሌላው አውሼ ሁለቱንም አስነሣሁ። ይህን የምናውቀው አላህና እኔ ብቻ ነበርን፤ አሁን እናንተም አወቃችሁ።

ስለዚህ የመስኖ ማኅበሩ ሰዎች ሁለት ካርቶን ይዘው ደጄ ላይ ሲቆሙ አልገረመኝም። የገረመኝ እስከዚያ ቀን የት እንደነበሩ ነው። ካርቶኖቹ ውስጥ ያሉት መኪና ላይ የሚገጠሙ የመገናኛ ሬዲዮኖች ናቸው፤ በሁለት ዓይነት ሞገድ፣ በረጅሙም በአጭሩም የሚነጋገሩ። ፈቃዱን ማኅበሩ ጨርሶታል። የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ለመኪና የተሠራ ነገር ሰው ቤት ተቀምጦ ያገለግላል ወይስ አያገለግልም? ያገለግላል ካልኩ ለየመንደሩ ይገዛሉ፤ አያገለግልም ካልኩ ይመልሱታል። ከመካከላቸው አንዱ ከአዲስ አበባ ባለሙያ እናስመጣ ብሎ ነበር አሉ። ሌሎቹ ስቀውበታል።

ለማኅበሩ ጉዳዩ የሥራ ጉዳይ ነው። ለእኔ ግን የእህቴ ጉዳይ ነበር።

የእኛን ቆላ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ራያ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ብቻውን አያበላንም። የሚያበላን ደጋው ላይ ዘንቦ በሸለቆው የሚወርደው ጎርፍ ነው። ቆቦ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ውሃው ከምዕራቡ ተራራ እያገሳ ይመጣል። ገበሬው ይጠልፈውና በቦይ ወደ ማሳው ያስገባዋል፤ አንዴ በደንብ የጠጣ መሬት ማሽላውን ለአጨዳ ያደርሳል። የሚጠለፈው በተራ ነው። ባለተራው ጎርፉ ሲደርስ አካፋውን ይዞ በቦዩ አፍ ላይ ካልቆመ፣ ተራው ለቀጣዩ ያልፋል። ክርክር የለም፤ ውሃ ቆሞ ሰው አይጠብቅም። ይህን ሁሉ የሚዳኘው ገበሬው ራሱ የመረጠው ሽማግሌ ነው፤ የውሃ አባት ይባላል።

እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከግቢዬ ጀርባ ባለች ቤት ትኖራለች። መሬቷ ወደ ሮቢት ከሚወስደው መንገድ በታች፣ ለቆቦ በሚቀርበው በኩል ነው። ሁለት ክረምት በተከታታይ ጎርፉ አመለጣት። አንደኛውን ጊዜ ማሳው ላይ ዳስ ጥላ ስትጠብቅ ሰንብታ፣ ለለቅሶ ወደ ከተማ በመጣችበት ቀን ወረደ። ሁለተኛውን ደግሞ ቆቦ ላይ የደመና ቁራጭ ሳይታይ መጣ። ስልክ አትበሉኝ፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ከተራራው ሥር ቀድሞ የሚጠፋው ኔትወርክ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ውሃውን የወሰደው ከእሷ ቀጥሎ ተራ ያለው ዋርሳዋ፣ የሟች ባሏ ወንድም ነበር። በዚህ ዓመት ሽማግሌ ሰብስቦ መሬት እንዲህ ተጠምቶ መኖሩ ነውር ነው አለ። ዘንድሮም ካላጠጣችው እሱ በእኩል ይረሰው፣ ምርቱንም ይካፈሉ ተባለ። እህቴ በሬ አላት፣ ዘር አላት፣ አራሽ ቀጥራ ታሳርሳለች። የጎደላት ውሃው ሲመጣ የሚነግራት ብቻ ነው።

«በገዛ አውድማዬ ዳር ቆሜ እስኪሰፈርልኝ ልጠብቅ ነው፣ አያ?» አለችኝ። እሷ ከልጅነታችን ጀምሮ አያ ነው የምትለኝ።

ካርቶኑን የከፈትኩት ይህን እያሰብኩ ነው።

ሬዲዮኑን ሳሎን ያለው ቡፌ ላይ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ብርጭቆዎቼ ወዴት ሊሰደዱ ነው ብላ ጠየቀች። ዕቃው ከግማሽ ብሎኬት አይበልጥም፤ ሲያነሡት ግን ይከብዳል። ጀርባው ሙቀቱን እንዲያስወጣ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ ብረት ነው፤ ከኋላው ማራገቢያ አለው። ሲከፈት መስታወቱ ሰማያዊ ይበራል፤ ብርቱካን ማድረግም ይቻላል። ብርቱካኑን የመረጠችው ባለቤቴ ናት፤ ከመጋረጃው ጋር ይሄዳል ብላ።

ለመኪና የተሠራ ስለሆነ ከግድግዳው መብራት አይሰካም፤ የሚበላው ባትሪ ነው። መጀመሪያ የባጃጅ ባትሪ ሰጠሁት። ሲያዳምጥ ደስ ብሎት ይቀመጣል፤ ልናገር ብዬ የማይኩን ቁልፍ ስጫን መስታወቱ ይደበዝዝና ድርግም ይላል። ቀጥሎ የሚኒባስ ባትሪ አመጣሁለት፣ በሶላር እየሞላሁ። ያኔ አደብ ገዛ። የመጀመሪያው ፍርዴ ይኸው ነው፦ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ በባትሪ ግን አትሰስቱበት።

ከካርቶኑ የወጣው አንቴና የመኪና ጣሪያ ላይ የሚለጠፍ ነው። የእኔም ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ለጥፌ ሞከርኩት። አልከፋም፤ ከጎረቤቴ የውሃ ታንከር ማዶ ግን አያልፍም። ስለዚህ የመዳብ ቱቦ ቆርጬ፣ ልኩን በራሴ ጭንቅላት አስልቼ፣ የራሴን ሠራሁና ረጅም የባሕር ዛፍ ዘንግ ላይ ሰቀልኩት። የሚያልፉ የአፋር ግመል ነጂዎች ቆመው አዩት። አንደኛው ይህ ነገር ዝናብ ያመጣል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዝናቡን አያመጣም፣ ወሬውን ያመጣል አልኩት። ወሬው ምን ይሠራልሃል ብሎኝ ግመሉን እየነዳ ሄደ።

ሁለቱን ሞገድ ለመለየት ሁለተኛውን ሬዲዮን የማውቀው ሰው ሚኒባስ ላይ ገጥሜ ወደ ጎብዬ ተጓዝኩ። ቤት ማይኩን የያዘችው ባለቤቴ ናት። አጭሩ ሞገድ ከተማ ውስጥ በቆርቆሮና በብሎኬት መካከል እየተሹለከለከ ግሩም ነው፤ ሮቢት ላይ ግን ድምፁ መሳሳት ጀመረ። ረጅሙ ሜዳውን እየታከከ ጎብዬ ድረስ ተከተለኝ። ጎብዬ ገበያ ዳር ቆሜ፣ ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ እያዳመጠ፣ ትሰሚኛለሽ ወይ አልኳት። እሰማሃለሁ አለችና ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ጣሪያው ቀዳዳ፣ ስለ እህቷ ልጅ ሠርግ፣ ቡፌው ላይ ስለነበሩት ብርጭቆዎች ተናገረች። እሷ ቁልፉን እስክትለቅ ድረስ እኔ አንዲት ቃል ማስገባት አልችልም። በመጨረሻ ለቀቀችው።

«ከተጋባን ጀምሮ ሳታቋርጠኝ ያዳመጥከኝ ዛሬ ነው፤ ይገዛ» አለች።

ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ለሚስቱ እንዳላሳያት ለምኖኛል።

በማግስቱ ሁለተኛውን ሬዲዮን ወስጄ ከተራራው ሥር፣ ሸለቆው አፍ ላይ ባለው በውሃ አባት ጎጆ ተከልኩት። እሱና እኔ አብረን ያደግን ነን፤ ዋና ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ይክዳል። ቁልፉን ተጭነህ ተናገር፣ ስትጨርስ ልቀቅ አልኩት። ይህ ደግሞ ምን ትምህርት ይፈልጋል አለኝ።

የመጀመሪያውን ጥሪ ጠዋት አደረገ። እንደምን አደርክ አለኝ። እኛ ዘንድ ሰላምታ ተደራርቦ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው እየመለሰ፣ ሁለቱም አብረው እየተናገሩ፣ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ። ሬዲዮኑ ግን በአንድ ጊዜ የሚያናግረው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ ልመልስ ብጫንም እሱ ቁልፉን አልለቀቀም። ስለዚህ ራሱ እየጠየቀ ራሱ እየመለሰ ቀጠለ፦ ደህና ነህ፣ ቤቱ ደህና፣ ባለቤትህ ደህና፣ አልሐምዱሊላህ፣ ልጆች ደህና፣ የልጅ ልጆች፣ ጎረቤቱ፣ መስጊዱ፣ ላሟ እንዴት ናት፣ ጉልበትህ ተሻለህ፣ አልሐምዱሊላህ። አማርኛው ሲያልቅ በአያቶቹ ኦሮምኛ ከመጀመሪያው ጀመረው። እንደገና ላሟ ጋ ሲደርስ ሬዲዮኑ ጢጥ ብሎ ቆረጠው።

ከቀትር በፊት ቤቴ ነበር፤ በእግሩ፣ በትሩን ይዞ። ሰላምታዬን አፌ ላይ ዘጋህብኝ አለ። እኔ ሳልሆን ማሽኑ ነው አልኩት፤ አንድ ሰው ብዙ ሲናገር እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ይዘጋል።

«ለማን ነው የተሠራው?»

«ለመኪና።»

«መኪና ውስጥ ያለ ሰው ደህና ነህ አይባልም?»

አብሬው ጎጆው ድረስ ሄጄ የእሱን ሬዲዮን ዝርዝር ገልብጬ ገልብጬ የመዝጊያውን ሰዓት አገኘሁትና እስከ መጨረሻው አስረዘምኩት። ያኔ ሌላ ጣጣ መጣ። በሙሉ ጉልበት ያን ያህል ሲናገርበት ብረቱ እጅ የማያስነካ ሆነ፤ ማራገቢያው ንብ ቀፎ ውስጥ የገባ ይመስላል። ጉልበቱን ወደ ዝቅተኛው አወረድኩት። ድምፁ ያው እንደነበረው ደረሰ፤ ብረቱ ቀዘቀዘ፤ ባትሪውም ተረፈ። ሁለተኛው ፍርዴ፦ ሙሉ ጉልበቱ ለጉራ ነው፤ ለሜዳችን ዝቅተኛው ይበቃል። ጉራውን እኔ እችልለታለሁ።

ዋናው ነገር ግን ገና ነው። በሌላ ቀን ቤቴ ብቅ ሲል፣ ጎርፍ ሲመጣ ሰላምታውን ትተህ ነገሩን ብቻ ንገረን ብዬ ጠየቅኩት። ፊቱ ተቀየረ።

«ሰላም ሳይባል የሚነገር መርዶ ነው» አለ። «እኔ የማመጣው ውሃ ነው። ውሃን እንደ መርዶ አልናገርም።»

ልክ ነው። እኛ ዘንድ በቀጥታ ነገር የሚጀምር ሰው ካጋጠመህ ማን ሞተ ነው የምትለው። እኔ ስከራከረው እህቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰላምታችሁን በሙሉ ጨርሱት፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሰላም እንደተባባላችሁ ይቆጠር አለችን። የውሃ አባት በትሩን አገጩ ሥር አድርጎ ካሰበ በኋላ ይህ ያስኬዳል አለ። ብልሃቱ የእህቴ ነው፤ አልወስድባትም። በአንድ ቤት ማደጋችን ግን ይታወቃል።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ ጠዋት ጠዋት ሠርግ ቤት ሆነ። ሬዲዮ ላይ ሰላምታ አለ ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ይሰበሰባል። ተራራው ሥር ልጇን የዳረች እናት የልጇን ደህንነት ትጠይቃለች፤ በሬ ያዋሰ የበሬውን ጤና ይጠይቃል። አንዷ ጎረቤታችን ማይኩን ይዛ እጇን ለሰላምታ ዘረጋች፤ ወዲያው ገብቷት እስክታለቅስ ሳቀች። ባለቤቴ ብርጭቆዎቿን መልሳ አውጥታ ለሰው ሁሉ ሻይ ማዞር ጀመረች። እኔ በመካከል ቁልፍ እየተጫንኩ እንደ ዳኛ እቀመጣለሁ።

ዋርሳዋም አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ቆሞ አንቴናውን ቀና ብሎ አየው። ያን ዘንግ ማሽላ መሐል ብትተክሉት ለወፍ ማረፊያ ይሆን ነበር አለ።

«ወፏም ብትሆን ከአንተ ቀድማ ትነግረኛለች» አለችው እህቴ፣ ከምትለቅመው ምስር ላይ ቀና ሳትል።

እሱ ስቆ ሄደ። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አካፋዋን የቤቴ በር ላይ አስደግፋ ነው የምትውለው።

ጎርፉ የመጣው የቀትሩን ዙሁር ሰግደን ከተመለስን በኋላ ነው። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቷል። ጠዋት የውሃ አባትና እኔ ሰላምታችንን አንድ ሳናስቀር ተጨራርሰናል፤ ኦሮምኛው ሳይቀር። ሬዲዮኑ ተንጫጫ፣ ድምፁ መጣ።

«እንደምን ዋልክ?»

ክው አልኩ። የተስማማነው በእንደምን አደርክ ነው። ስለ እንደምን ዋልክ ማናችንም አላነሣንም። እሱ ደግሞ በተራና በወሰን ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው፤ ቀትር አልፏል፣ የጠዋቱ ሰላምታ ለጠዋት ነበር፣ ከሰዓት የራሱ ይገባዋል። ቁልፉን ብጫን ብጫን ወደ እሱ አይደርስም። ቤቱ ደህና ዋለ፣ ባለቤትህ ደህና ዋለች፣ እያለ ይወርዳል። መዝጊያውን እስከ መጨረሻ ያስረዘምኩትም እኔው ነኝ።

እህቴ ገባች። ለሰላምታ አይደለም የደወለው አልኳት፤ ግን ምን እንዳለ እስኪነግረን መጠበቅ አለብን። እጇን ወደ አፌ አነሣችና ጆሮዋን ድምፅ ማውጫው ላይ ለጠፈች። ከእሱ ድምፅ ጀርባ አንድ ጉርምርምታ አለ። ለእኔ ሹሹታ ነው፤ ሬዲዮን ስለማውቅ ሹሹታን አውቃለሁ። ማስተካከያውን ላዞር እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ።

«አትንካው፣ አያ። ድንጋይ ነው የሚንከባለለው።»

ከዚያ አልቆየችም። አካፋው ከበሩ ጠፋ፤ ደጅ ባጃጅ ጠርታ ስትገባ የአካፋው እጀታ በጎን ወጥቶ አየሁት፤ ነጠላዋ እየተውለበለበ ወደ ሮቢት መንገድ ታጠፉ። ሌላ ዓይነት ሬዲዮን ቢሆን ያን የጀርባ ድምፅ ቆርጦ ይጥለዋል። ለማይኩ ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

እኔ መንቀሳቀስ አልቻልኩም። ሰው ሰላም እያለህ ጥለኸው አትሄድም። ልጆቹን ጨረሰ፣ ጎረቤቱን ጨረሰ፣ ኦሮምኛውን ጀመረ፣ ላሟን ሁለተኛ ጊዜ ጠየቀ። ባለቤቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ ትንቀጠቀጣለች። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ጎርፍ መጥቷል። ትልቅ ነው። ለእህትህ ንገራት» አለና ቁልፉን ለቀቀ።

«ሄዳለች።»

«ማን ነግሯት?»

«አንተ። ሰላም ስትለኝ ከኋላህ ሰምታው።»

ተቆጣ ብዬ ፈራሁ።

«አየህ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ተወው ስትለኝ የነበረውን ሰላምታ።»

እዚያው ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ሳቄን ለቀቅኩት፤ ቁልፉን ተጭኜ ስለነበር እሱም ሰምቶኛል።

ሌላ ባጃጅ ይዤ ስደርስ እህቴ በቦዩ አፍ ላይ ቀሚሷን ጉልበቷ ድረስ ጠቅልላ ቆማለች። ዋርሳዋም አካፋውን ይዞ ከእሷ ወረድ ብሎ ቆሟል፤ በአጋጣሚ ነው አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ውሃው ገና አልደረሰም። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ፤ ከዚያ አረፋው፣ ጭራሮው፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ጫማ፣ ከኋላቸው ቡናማው ውሃ እየተገለባበጠ። እህቴ አፈሩን ገፋ አድርጋ ከፈተችለት። ውሃው አንዴ እንደሚያመነታ ሆነና ታጥፎ ወደ ማሳዋ ገባ።

ጎርፉ እንደተባለው ትልቅ ነበርና ብዙም ሳይቆይ የቦዩ ጎን ተቦደሰ። እኛ አገር ቦይ ሲቦደስ አካፋ ይዞ የተገኘ ሰው ሁሉ ባለተራውን ይረዳል፤ እምቢ ያለ የራሱ ተራ ሲደርስ የሚያግዘው አያገኝም። ዋርሳዋ ሕጉን ያውቃል። ግራና ቀኝ አየና ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባ። እህቴ አፈሩን እዚህ፣ ድንጋዩን እዚያ እያለች አዘዘችው፤ እሱም እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ሲሞላላት ዋለ። እኔ ከላይ ቆሜ ማይኩ ድንጋይ ሲንከባለል እንዴት እንደያዘ፣ ለረጅሙ ሞገድ የመዳቡን ልክ እንዴት እንዳሰላሁ እነግራቸው ነበር።

«አያ፣» አለችኝ፣ «ወሬውን ትተህ ያን ጭራሮ አቀብለኝ።»

አቀበልኳት። ቀጥሎ ድንጋይ አቀበልኳት። ቀጥሎ ራሴ ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ ጎርፍ ውስጥ ቆሜ ቦይ የደፈንኩ ሰው ነኝ፤ እኔ የያዝኩት በኩል ደግሞ አላፈሰሰም።

ፀሐይ ስትወርድ መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ያብለጨልጭ ነበር። ተራው አልቆ ውሃው ወደ ዋርሳዋ ማሳ ሲለቀቅ፣ እሱ አካፋውን ተደግፎ እያለከለከ ዘንድሮ ይህን መሬት ማን ሊያርሰው ነው ብሎ ጠየቀ። ያናገረው ሥቃዩ ይሁን ተስፋው እንጃ።

«አራሽ ይዣለሁ» አለችው። «እጅህ ግን ጥሩ ነው። ለአረሙ ና።»

እሱ መጀመሪያ አፉን ከፍቶ አያት፤ ከዚያ ጭቃው ከጢሙ እየተንጠባጠበ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጫማዋን በእጇ ይዛ ውሃው ያልደረሰበት ጥግ እንዳለ ለማየት የማሳዋን ዳር ዳር መዞር ጀምራ ነበር።